አልፈታ ያለው ቡሎን

ሮቤ ላይ ስንዴ በሚታጨድበት ሰሞን መካኒክ አይገኝም። ሞተር የሚያውቀውም፣ ብየዳ የሚችለውም፣ ትናንት ቁልፍ መያዝ የጀመረውም ሁሉ ኮምባይነር ተከትሎ ወደ ሲናና ማሳ ይሄዳል። ጉቱም ደህና ሳለ እንዲሁ ነበር፤ አጨዳው እስኪያልቅ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ዘንድሮ ግን ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እጁን እንደ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከገዛ ሚኒባሱ ሆድ ስር ወጥቶ የሚታየውን የልጁን እግር ይመለከታል።

"ዞረ?" አለ።

"አልዞረም።"

"ወደ የት ነው የምታዞረው?"

ከሚኒባሱ ስር ቁልፍ ብቻ ተንኳኳ።

"ረዲ! ወደ የት ነው የምታዞረው?"

"ወደ ግራ ነው አባ። ቡሎን ወደ የት እንደሚፈታ አውቃለሁ።"

ነገሩ የጀመረው ትናንት ከሰዓት ነው። ረዲ ከጎባ ሰው ጭኖ ሲመለስ ወለሉ ስር አንድ ነገር መንቋቋት ጀመረ፤ ቤት ሲደርስ መንቋቋቱ ወደ ድብደባ ተለውጦ ነበር። ጉቱ መኪናው በሩን ሳያልፍ በድምፁ ብቻ ለየው። ክሮቸራው ነው። ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅሙ ሻፍት ጫፉ ላይ መስቀል መሳይ መጋጠሚያ አለችው፤ እሷ ደርቃለች። ግራሶ ሳታይ ከርማ፣ የሳነቴን ጭቃና የደሎ መናን አቧራ ስትጠጣ ከርማ ዝጋለች፤ አንደኛው ጎኗ አልታጠፍም ብሏል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ለጉቱ ከቁርስ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነበር። ሻፍቱን ከኋላው ዲፈረንሻል ጋር ያሰሩትን አራት ቡሎኖች መፍታት፣ ሻፍቱን ማውረድ፣ የሞተችውን ክሮቸራ አስወጥቶ አዲሷን መግጠም፣ መልሶ ማሰር። አዲሷን ክሮቸራ ረዲ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ አግኝቷታል፤ ከነካርቶኗ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

የጠፋው ጊዜ ነው። የጉቱ ልጅ መርዋ ደሎ መና ተድራ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ሴት ናት። አቂቃዋ ነገ ነው፤ በግ ይታረድላታል፣ ስም ይወጣላታል። ጉቱ በጉን እኔ አመጣለሁ ብሎ ለአማቹ ቃል ገብቷል። በጉ ከጊኒር የመጣ፣ ጭራው ምድር የሚጠርግ ድልብ ነው፤ አጥሩ ስር ታስሮ ቁልፍና መዶሻ በተንኳኳ ቁጥር ይጮኻል።

አውቶቡስ አለ። መርዋ ጠዋት ደውላ "አባ፣ በአውቶቡስ ኑ፣ ምን ችግር አለው?" ብላለች። ጉቱ ግን አውቶቡስ የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም።

"የራሴ መኪና እያለኝ እንደ እንግዳ ከመናኸሪያ ተጎትቼ ልግባ?"

ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ያንን ግን ለማንም አልተናገረም። የደሎ መና ሰው እሱን የሚያውቀው ያንን ሚኒባስ እየነዳ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ በግራና በቀኝ ሰላምታ እየመለሰ ሲገባ ነው። ከዘራ ይዞ አንድ እግሩን ሲጎትት ያየው የለም። ባለፈው ክረምት ለሱብሂ ሶላት ሊነሳ ሲል ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ አንደበቱ ተመለሰለት፣ እግሩም እያነከሰ ይሄድለታል። እጁ ግን በዚያው ቀረ። ነገ ረዲ ቢነዳ እንኳ እሱ ጋቢና ተቀምጦ በራሱ መኪና ቢገባ፣ ቢያንስ ከመውረዱ በፊት ያዩታል።

የመጀመሪያው ቡሎን ፀሐይ ግቢው ሳትደርስ ተፈታ። ረዲ ከስር ሆኖ "አልሃምዱሊላህ!" ብሎ ወረወረው፤ ጉቱም በግራ እጁ አንስቶ የቡሎኑን ጥርስ መረመረ። ሁለተኛው አስቸገረ። ረዲ ቁልፉ ላይ የውሃ ቱቦ ሰክቶ እጀታውን አስረዘመና፣ እግሩን ጎማው ላይ ተክሎ ሲስበው "ቋ!" አለ። ሁለቱም የሆነ ነገር የተሰበረ መሰላቸው። ተፈትቶ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ቁልፉ አመለጠ። ረዲ መልሶ ገጠመው፤ ደግሞ አመለጠ። እንደገና ሲሞክር የቡሎኑ አናት ጠርዝ ጠርዙን ተበልቶ እንደ ጠጠር ድቡልቡል አለ።

"ተበላ?" አለ ጉቱ።

"ተበላ።"

"ቁልፉን ወደ ውስጥ ገፍተህ ያዝ አላልኩህም? ከጫፍ ጫፍ ስትይዘው እኮ ነው!"

"ገፍቼ ነው የያዝኩት። ዝገቱ ነው የማያስገባው።"

"ዝገቱንማ በሽቦ ብሩሽ ጥረግ ብዬህ ነበር።"

"ጠርጌዋለሁ አባ።"

"ጠርገኸው ቢሆን ኖሮ አይበላም ነበር።"

ረዲ ሦስተኛውን ትቶ ወደ አራተኛው ዞረ። አራተኛው አናቱ ደህና ነው፤ ቁልፉም ይገባለታል። ግን ንቅንቅ አይልም። ናፍጣ አጠጡት፣ ጠበቁ፤ ምንም። መዶሻ አሳረፉበት፤ ምንም። ቱቦውን ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት፤ ቱቦው ጎበጠ እንጂ ቡሎኑ አልሰማም። ረዲ በጀርባው ተኝቶ ሲያለከልክ ቆየና ከስር ጠየቀ፤

"እነዚህን ቡሎኖች መጨረሻ ጊዜ ያሰራቸው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይነካዋል?"

"በምን ነው ያሰሩት?"

"በእጄ ነዋ።"

ጉቱም ዓይኑን ወደ ጭኑ ወረወረ። ያ እጅ አንዴ ያሰረውን ሌላ ሰው ለመፍታት ሲመጣ ይሳደብ ነበር፤ ድሮ በዚህ ይስቅ ነበር። አሁን ሳቁ አልመጣለትም።

"ሜ፣ እስቲ አንዴ ደግሞ ሞክር" አለ። "ከታች ወደ ላይ አትሳብ፤ ከላይ ወደ ታች ግፋው። ትከሻህን አስገባበት። ትከሻህን! ቱቦውን አጥብቀህ ያዝ። እንደሱ አይደለም እኮ የምልህ፣ ቆይ፣ ቁልፉን አውጥተህ በሌላ በኩል..."

ቁልፉ አመለጠ። የረዲ ጡጫ ከዲፈረንሻሉ ጠርዝ ጋር ተጋጨና የጣቶቹ አንጓ ተላጠ። ከስር እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፊቱ በዘይትና በዝገት ጠቁሯል፤ ቁልፉን አንስቶ አጥሩ ላይ ወረወረው። በጉ ገመዱን ሊበጥስ ዘለለ።

"አንዴ ዝም ይበሉልኝ በአላህ!" ብሎ ጮኸ። "ከጠዋት ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ነዎት! እንዲህ አይደለም፣ እንዲያ አይደለም! የሚችሉ ከሆነ ይግቡና ራስዎ ይፍቱት!"

ቃሉ ካፉ እንደወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ረዲ ለአባቱ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። የቆሰለውን እጁን ሱሪው ላይ እያሸ ቆመ።

"አባ... እንደዚያ ማለቴ አይደለም።"

"ሂድ" አለ ጉቱ።

"በያጁ ወዚር ማሳ አልሄደም፤ እሱ ጋ ሄጄ ግራይንደር ላምጣ። አናታቸውን ቆርጠን..."

"ሂድ አልኩህ።"

ረዲ ሄደ። ጉቱ ብቻውን ቀረ። አንድ ኮምባይነር መንገዱን እያናወጠ ወደ ሲናና አለፈ፤ የቤቱ ቆርቆሮ መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቀና ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። አጥሩ ስር የወደቀውን ቁልፍ አነሳ። ከሚኒባሱ ኋላ ረዲ ያነጠፈው ካርቶን አለ። መጀመሪያ በጉልበቱ፣ ከዚያ በግራ ጎኑ፣ ከዚያ በጀርባው ሆኖ፣ የማይታዘዘውን እግሩን በሌላኛው እየገፋ ገባ። ለመግባት ያደረገው ትግል ብቻውን የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ኮፍያው ወለሉን ነክቶ ወለቀ፤ ተወው።

ስር ሲደርስ ግን ደስ አለው። ከክረምት ወዲህ ይህን ሽታ አላሸተተም፤ የሞቀ ጭቃ፣ የድሮ ዘይት። ሻፍቱ ከደረቱ በላይ ተንጋሏል። አራተኛው ቡሎን ፊት ለፊቱ ነው። "ና እንግዲህ" አለው።

በግራ እጁ ቁልፉን አስገባ። ተቀመጠለት። በግራ ሲገፋ ግን አቅጣጫው አልመች አለ፤ ክርኑ ከጎማው ጋር ይጋጫል። ይህን ቡሎን ከዚህ በኩል የሚገፋው ቀኝ እጅ ነው። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ እጀታው ላይ አስቀመጠው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፋቸው። ግራ እጁን ሲያነሳ ጣቶቹ ተከፈቱ፤ እጁም ደረቱ ላይ ወደቀ። ደግሞ አነሳው፤ ደግሞ ወደቀ።

"አስተግፊሩላህ" አለ በጥርሱ መሃል።

ከዚያ ያደረገውን፣ ቁጭ ብሎ ቢያስበው ኖሮ አያደርገውም ነበር። የአንገቱን ሻርፕ ፈታ፤ ቀኝ እጁን ከቁልፉ እጀታ ጋር ጠቅልሎ፣ ጫፉን በጥርሱ ይዞ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ከዚያ በትከሻው ገፋ። ትከሻው ገና ጉልበት ነበረው። ቁልፉ አላመለጠም፤ ግን ቡሎኑም አልዞረም። ደግሞ ገፋ፤ ቁልፉ ተንሸራቶ በቡሎኑና በዲፈረንሻሉ መሃል ተሰነቀረ። ሊያወጣው ሲስበው ቋጠሮው ይበልጥ ጠበቀ። በግራ ጣቱ ሊፈታው ሞከረ፤ በጥርሱ ሞከረ፤ አንገቱ አልደረሰለትም።

ጉቱ ከራሱ ሚኒባስ ጋር ታስሮ ቀረ።

መጀመሪያ ተሳደበ። ቡሎኑን ሰደበ፣ ሻርፑን ሰደበ፣ ቀጥሎ እጁን ሰደበ። ብርዱ ከመሬቱ ወደ ጀርባው ይወጣ ጀመር። የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመስጊዱ ተሰማ። ያ ረቢ፣ አሁን ሰው እንዳይመጣ አለ በልቡ።

ሰው መጣ። አጥር የምትጋራው ጎረቤቱ ቀለሟ ያዋሰቻቸውን ባልዲ ልትወስድ ገብታ፣ ከሚኒባሱ ስር የወጣ እግር አየች፤ ካንደኛው ጫማው ወልቋል።

"ወይኔ ጉዴ! ጋሽ ጉቱ! መኪናው ወደቀብዎት?"

"አልወደቀብኝም። ሂጂ።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው?"

"እየሠራሁ ነው።"

ቀለሟ ጎንበስ ብላ አየች። የጉቱን እጅ፣ ሻርፑን፣ ቁልፉን በየተራ አየች።

"እና ይህ ነው ሥራው?" አለች።

"ሂጂ ብዬሻለሁ ቀለሟ!"

"አልሄድም። ለቅሶ ላይ 'ጥላው ሄደች' ብለው ሊያስወሩብኝ ነው?" ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት። ከነጠላዋ ስር ስልኳን አወጣች። "ረዲ? የኔ ልጅ፣ ቶሎ ና። አይ፣ ደህና ናቸው፤ ተቆጥተዋል ብቻ።"

እስኪመጣ ድረስ ከእግሩ ጋር ስታወራ ቆየች፤ ስለ ዘንድሮ ስንዴ፣ ስለ ልጇ ምረቃ፣ ስለ ብርዱ። ጉቱም የወለቀውን ጫማውን መልሳ ስታጠልቅለት እግሩን አላሸሸም።

ረዲ እየሮጠ ገባ፤ ወዚር ከኋላው መዶሻና የብረት መቁረጫ ሹል ብረት ተሸክሟል። ግራይንደሩን አላመጡም፤ የሠፈሩ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ የጋዝ ብየዳውን ደግሞ ማሳ ወስደውታል። ረዲ ይህን ሁሉ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ አባቱን ሲያይ ዘጋው። በደረቱ ተኝቶ ገባ። ፊት ለፊት ተያዩ። ጉቱ ስድብ ጠበቀ፣ ወይም ልቅሶ። ሁለቱንም አልፈለገም።

ረዲ ግን ያየው ቁልፉን ነበር።

"ይሄ እኮ በደንብ ተቀምጧል" አለ ቀስ ብሎ። "ቅድም ለእኔ እንዲህ ገብቶልኝ አያውቅም።"

"ታስሯላ። የት ያመልጣል?"

"ቆይ ልፍታዎት።"

"አትፍታኝ። ቱቦውን ስካበት።"

"አባ፣ እጅዎ..."

"እጄ አይሰማውም። ስካበትና ምታ!"

"አልመታም።"

"ረዲ! ከጠዋት ጀምሮ በዚህ ብረት ስንጫወት ዋልን። አሁን ቁልፉ ተቀምጧል፤ ብታወጣው ተመልሶ አይገባም። እኔ በትከሻዬ እይዘዋለሁ። ምታ!"

ረዲ ቱቦውን ሰካ። ሻርፑን ፈታ አድርጎ የአባቱን አንጓ ከብረቱ ሊያርቅ ሞከረ፤ ብዙም አልራቀም። ወዚር ከውጭ መዶሻውን አቀበለው። ረዲ ፊቱን አዙሮ መታ። ምንም የለም። ደግሞ መታ። ጉቱ ትከሻውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ "ጨምር! ጨምር!" ይላል። ቀለሟ ውጭ "በስመ አብ!" ትላለች። በመጨረሻ ከዝገቱ ውስጥ ረጅም የጥርስ ማፋጨት የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ቁልፉም ወረደ።

"ዞረ" አለ ረዲ።

"ዞረ" አለ ጉቱ፤ ሳቀም።

ሻርፑ ሲፈታ ግን ደም ነበረበት። የአንጓው ቆዳ ዙሪያውን ተገፏል። ጉቱ ራሱ ያወቀው ረዲ ሲያፈጥበት አይቶ ነው።

"አላመመዎትም?"

"ምንም።"

ረዲ መሬቱ ላይ በግንባሩ ተደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጉቱ አየና "ሦስተኛው ይቀራል" አለው።

ሦስተኛውን ወዚር ጨረሰው። በሹሉ ብረትና በመዶሻው የቡሎኑን ዳዶ ከጎኑ ሰንጥቆ እንደ ለውዝ ቅርፊት ከፈተው። ሻፍቱ ወረደ። ጉቱን እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት፤ ቀለሟ አንጓውን በሞቀ ውሃ አጥባ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችለት። ለጥቂት ጊዜ ግቢው ውስጥ የሠርግ ዋዜማ የመሰለ ደስታ ነበር። ረዲ ዳቦና ሻይ አመጣ። ወዚር "ከዚህ ወዲያ ያለው ጨዋታ ነው" አለ።

ጨዋታ አልነበረም።

የክሮቸራዋ አራት ጫፎች በሻፍቱና በማሰሪያው ጆሮዎች ውስጥ ቆብ መሳይ ብረት ደፍተው ተቀርቅረዋል፤ ቆቦቹ ካልወጡ ክሮቸራዋ አትወጣም። ሻፍቱን ድንጋይ ላይ አስደግፈው፣ ከስር ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት አድርገው፣ ከላይ በመዶሻ ይመቱ ጀመር። ሦስቱ ቆቦች እያለቀሱም ቢሆን ወጡ። አራተኛው ከጆሮው ጋር አንድ አካል ሆኗል። ናፍጣ አጠጡት። ፍም ደፍተው አሞቁት። ገለበጡት፣ ከዚያኛው ጎን መቱት። ወዚር ደከመው፣ ረዲ ተቀበለ፤ ረዲ ደከመው፣ ወዚር ተቀበለ። ጉቱ በርጩማው ላይ ሆኖ አፉን ለመዝጋት የቻለውን ያህል ታገለ። ረዲም ላብ ያጠመቀውን ፊቱን ቀና አድርጎ አየው።

"ምን ይሻላል አባ?" አለ። "ለዛሬ ይብቃን? ነገ ጋዝ ብየዳውን ስናገኝ..."

ጉቱ ብረቱን አየ። ቆቡ የተንቀሳቀሰ መሰለው፤ ትንሽ፣ የፀጉር ያህል። ፀሐይዋ ወደ ማሳው አዘንብላለች። በጉ ይጮኻል። ነገ አቂቃ ነው።

"አንዴ ብቻ ድገም" አለ። "በሙሉ ጉልበትህ።"

ረዲ በሙሉ ጉልበቱ መታ። ድምፁ ከቀደሙት የተለየ ነበር፤ ቀጭንና ንጹሕ፣ እንደ ብርጭቆ። የሻፍቱ ጆሮ ከስሩ ተሰንጥቆ ግማሹ መሬት ላይ ወደቀ። ቆቡ አሁንም አልወጣም።

ማንም አልተናገረም። ወዚር ስባሪውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሻፍቱ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ሻፍት ደግሞ ሮቤም ጎባም አይገኝም፤ ሻሸመኔ ነው የሚፈለገው። ረዲ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ፣ ሊመጣ ያለውን ውርጅብኝ ይጠብቃል። ጉቱ አፉን ከፈተ። አንድ የሚሰደብ ሰው ፈለገ፤ አጣ። ምታ ያለው ራሱ ነው። ተነስቶ በደህናው እግሩ የሚኒባሱን ጎማ ረገጠ፤ በሽባው እግሩ መቆም ስላልቻለ ሊወድቅ ሲል ረዲ ደገፈው።

"ዲሲ አባ" አለው በጆሮው። "ይተዉት።"

"ልተወው?" አለ ጉቱ። "ምን ቀረኝና ነው የምተወው?"

ከዚያ ወዲያ ቤት ገባ፤ እራትም ሳይበላ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ነበሩ። በጉን ፖርቶ መጋላ ላይ ለማስጫን ረዲ ከአውቶቡሱ ረዳት ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ ተናነቀ፤ ረዳቱ "ከብት አንጭንም" ሲል ከላይ ሌላ ሰው የጫናቸው ፍየሎች ይጮኹ ነበር። ጉቱን ሁለት ሰው ደግፎ አሳፈረው። ጎባን አልፈው ሳነቴ ሜዳ ላይ ሲወጡ ጉም መንገዱን ውጦት አውቶቡሱ እየዳኸ ሄደ። ከሪራ መንደር በታች በሐረና ደን ቁልቁለት ላይ ደግሞ የወደቀ ዛፍ እስኪነሳ ቆሙ። ጉቱ መስኮቱን ተደግፎ በሾፌሩ አነዳድ ላይ አንድ በአንድ ስህተት ለቀመ፤ ለራሱ ብቻ።

ደሎ መና ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ተቀበላቸው። የፈራው ሁሉ መናኸሪያው ውስጥ ጠበቀው። የማር ነጋዴዎቹ፣ የቡና ተሸካሚዎቹ፣ ሻይ ቤት በር ላይ የተቀመጡት፣ ሁሉም ከአውቶቡስ ደረጃ ላይ በሰው ተደግፎ ሲወርድ አዩት።

"ጉቱ! ጉቱ አይደል እንዴ?" አለ አንዱ። "አካም ጅርታ ወንድሜ! መኪናህስ?"

"ተበላሽታ ነው" አለ ጉቱ፤ ካሰበው በላይ ከፍ ባለ ድምፅ። "እኔም ተበላሽቻለሁ። አንዳችንም አልተጠገንንም።"

ሰውየው ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። አንዱ ከዘራውን፣ ሌላው በጉን ተቀበለ፤ እያወሩ እስከ መርዋ በር አደረሱት። ጉቱ መንገዱን ሙሉ ተቆጥቶ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አማቹ መሀመድአወል በጉን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዙሮ ካስተኛ በኋላ ቢላውን በሁለት እጁ አክብሮ ለጉቱ አቀረበ። ጉቱ ቢላውን በግራ እጁ ተቀበለ፤ ስለቱን አየ፤ የተጠቀለለ አንጓውን አየ።

"ረዲ ይረድ" አለ። "እሱ እጅ አለው።"

ረዲ ተቀብሎ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ጉቱ ምንም አላስተማረውም።

ከምሳ በኋላ መርዋ ልጇን አምጥታ በግራ ክንዱ ላይ አስተኛችለት። "ስሙን ለእርስዎ ነው ያቆየነው" አለችው።

ጉቱ መንገድ ላይ ሌላ ስም አስቦ ነበር። የሕፃኗን የተጨማደደ ግንባር፣ ያንን ቁጣ የመሰለ ፊት ሲያይ ግን ሌላ መጣለት።

"ሰቢሪና" አለ። "ሰብር ይስጣት። ታጋሽ ትሁን።"

ረዲ ሻዩን ሊተፋ ደረሰ። "ይህንን ስም እርስዎ አወጡት?" ብሎ ሲስቅ መርዋም ሳቀች፤ ጉቱም ሳይወድ ፈገግ አለ።

በዚያው ጊዜ የረዲ ስልክ ጮኸ። ከሻሸመኔ ነው፤ ትናንት ማታ ሻፍት ፈልግልን ያለው መለዋወጫ ሻጭ። ረዲ ጥቂት አዳመጠና ፊቱ ጠቆረ። "ሻፍት ተገኝቷል፤ ግን የረጅሙ ሚኒባስ ነው። ከእኛ ይረዝማል።"

"ይቆረጣልና ይበየዳል" አለ ጉቱ።

"አይሆንም አባ። ከተበየደ ሚዛኑን ይስታል፤ ሲሮጥ መኪናውን ይበትነዋል።"

"ወዚር አስተካክሎ ይበይደዋል።"

"ወዚር ትናንት ያደረገውን አይተውታል!"

"ትናንት የሰበርነው እኛ ነን እንጂ ወዚር ነው እንዴ?"

"ምታ ያለኝ ማን ሆነና!"

ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። መርዋ ልጇን ከአባቷ ክንድ ላይ አንስታ፣ ሁለቱንም በየተራ ገላመጠቻቸው።

"ውጡ" አለች። "ሁለታችሁም። እዚያ ዛፉ ስር ሄዳችሁ ተጨቃጨቁ።"

ረዲ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ፣ አባቱን በብብቱ ደግፎ ወጣ። "ይቆረጣል ነው የምልህ" እያለ ጉቱ ደጁን ሲሻገር ድምፁ እስከ ጓዳ ድረስ ይሰማ ነበር።